ጧሪ ከቀባሪ ይቀድማል፦ ስለ እርጅና መድከምና ስለ ሞት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ዳርና በጣና ዳር ባሉ ቀበሌዎች አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያንን እየዞርሁ መጠየቅ ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ነርስ ሆኜ ስሠራ የተማርሁት አለ፤ አባቴንና እናቴን በየተራ ቤቴ አስታምሜ የተማርሁት ግን ይበልጣል። ቤተሰቦች እስከ ደጃፍ ሲሸኙኝ የሚያነሡልኝ ጥያቄ ከቤት ቤት እምብዛም አይለያይም። ልጅ የምንመኘው «ጧሪ ቀባሪ» እንዲሆነን ነው፤ ከሁለቱ ቀባሪነቱን እናውቅበታለን። ድንኳኑ በሰዓታት ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ዘመድ ከአዴትና ከመርዓዊ ሳይቀር ይደርሳል። ጧሪነት ግን ረጅም ነው፣ ማንም አያየውም፣ ለቅሶ ላይም አይነገርም። እዚህ የጻፍሁት በአብዛኛው ስለ እርሱ ነው።

እርጅና ራሱ በሽታ ነው? መድከሙ ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው?

እርጅና በሽታ አይደለም። ጡንቻ ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ከስድሳ በኋላ ደግሞ መቀነሱ ይፈጥናል። ጆሮ ይከብዳል፣ እንቅልፍ ይሳሳል፣ ውኃ መጠማት እንኳ እየደከመ ይሄዳል። ይህ ማንንም አያልፍም። ነገር ግን «አርጅቶ ነው እኮ» እያልን የምናልፈው ሁሉ እርጅና ነው ማለት አይደለም። ሐኪሞች አቅም መመናመኑን ለማወቅ አምስት ነገር ያያሉ፤ ሳያስቡት መክሳት፣ ሁልጊዜ መዛል፣ የመዳፍ ጭብጥ መላላት፣ የእርምጃ መዘግየትና እንቅስቃሴ መተው። ሦስቱ ከተገኙ ሰውየው በቀላሉ የሚሰበር ሆኗል። ወጣት በሦስት ቀን የሚያልፈው ጉንፋን ወይም የአንድ ሌሊት ተቅማጥ እርሱን አልጋ ላይ ሊጥለው ይችላል።

አባቴ በዘጌ ቡና እየለቀመ ያደገ ሰው ነበር። መድከሙን ያስታወቀው ሲኒው ነው። ሲኒው እስከ አፉ ሲሞላ እጁ ይንቀጠቀጥና ቡናው ጣቶቹ ላይ ይፈስ ነበር። እናቴ አንድም ቃል ሳትናገር ግማሽ ድረስ ብቻ መቅዳት ጀመረች፤ ሁለት ጊዜ ትቀዳለታለች። እኔ ነርሷ ልጁ ይህን ያየሁት ከወራት በኋላ ነው።

«አርጅቶ ነው» ተብሎ ከሚታለፈው አንዱ የዓይን ሞራ ግን በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። «በዚህ ዕድሜዬ ምን ልሆን ነው?» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ፤ ውሰዷቸው። የልጅ ልጃቸውን ፊት ያያሉ፣ ደረጃውንም ያያሉ።

አባታችን መውደቅ ጀመሩ። ከቤት እንዳይወጡ እንከልክላቸው?

አትከልክሏቸው። ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይወድቃል። የተከለከለ ሰው ይቀመጣል፣ የተቀመጠ እግር ይዝላል፣ የዛለ እግር መልሶ ይጥላል። ቤቱን አስተካክሉላቸው። ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚያው ቤታቸው ውስጥና ግቢያቸው ውስጥ ነው። መጸዳጃው ግቢ ጥግ ከሆነ፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ፣ ማታ ማታ ፖፖ አልጋቸው አጠገብ አኑሩ፤ ካፈሩ መጋረጃ ጋርዱላቸው። ከአልጋ ሲነሡ እግራቸውን አውርደው አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀመጡ፤ የደም ግፊት ድንገት ወርዶ ራስ ያዞራልና። የሚያንሸራትተውን ነጠላ ጫማ ጣሉት፤ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ግዙላቸው። ጫፉ የታጠፈ ምንጣፍ ይነሣ። ሌሊቱን የምታድር ትንሽ አምፖል ትኑር።

በእኛ ቤት ከአባቴ አልጋ እስከ በሩ ባለው ግድግዳ ላይ፣ በወገብ ቁመት፣ አንድ የጠቆረ መስመር አለ። መዳፉ በየቀኑ የዳሰሰበት ነው። መደገፊያ ያስፈልገኛል ብሎ አንድ ቀን አልተናገረም፤ መስመሩ እየጠቆረ ሲሄድ አይቼ ነው ከሥሩ እንጨት ያስመታሁለት። የእናንተንም ቤት ግድግዳ ተመልከቱ፤ የወንበሩን መደገፊያ፣ የበሩን መቃን ተመልከቱ። የት የት እንደሚደገፉ ይነግራችኋል።

ወድቀው መቆም ካቃታቸው፣ አንድ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ግን ወጌሻ አትጥሩ። የዳሌ ስብራት በማሸት አይገጥምም። ሳታንገላቱ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል አድርሷቸው።

እናቴ በሁለት ቀን ውስጥ ሰው መለየት አቃታት። ጃጀች ማለት ነው?

መጃጀት በሁለት ቀን አይመጣም። የመርሳት ሕመም በወራትና በዓመታት ነው የሚገባው። በሰዓታት ወይም በቀናት የመጣ መቀባዠር ከበስተኋላው ሌላ ሕመም አለው፤ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት። ባሕር ዳር ወባ ያለባት ከተማ ስለሆነች ወባንም አትርሱ። አረጋውያን በብርቱ ታመውም ሰውነታቸው ላይግል ይችላል፤ «ትኩሳት የላትም» ብላችሁ አትዘናጉ። በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዷት፤ የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከየትም የተገዛ ይሁን፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ጸበል የምትጠመቅ ከሆነ ትጠመቅ፤ የደም ምርመራውም ይደረግላት። ከታከመች በኋላ ልብ ወደ ቦታው ለመመለስ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያው ቤቱን አብሩ፣ ስማችሁን እየነገራችሁ አናግሯት፣ አትከራከሯት።

አርጅተውም «እጾማለሁ» ይላሉ። ምን እናድርግ?

ይህ የንስሐ አባታቸው ጉዳይ ነው። ንስሐ አባትየውን ወደ ቤት ጥሩና ድካማቸውን በዓይናቸው ይዩ፤ ሽማግሌው ከልጃቸው ይልቅ እርሳቸውን ይሰማሉ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የስኳር መድኃኒት ወስዶ እህል ሳይቀምሱ መዋል ሕይወት ያሳጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ውኃ ሳይጠማቸውም ይጠጡ። በጾም ሽሮ፣ ምስርና ሱፍ አለ፤ በፍስክ ወተት፣ እንቁላልና እሾሁ ተለቅሞ የወጣለት ቆሮሶ ለጥርስ አልባ ሰው ጥሩ ምግብ ነው።

አልጋ ላይ ከዋሉ ዋናው ሥራ ምንድን ነው?

ማገላበጥ። በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም። ወገብ ላይ፣ ዳሌ ላይ፣ ተረከዝና ክርን ላይ አጥንት ቆዳን ስለሚጫን ይቆስላል፤ አንዴ ከቆሰለ ደግሞ ለመዳን ወራት ይፈጃል። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም፤ ስለዚህ በመዳፋችሁ ዳስሱ። ከዙሪያው የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ ካለ በዚያ ጎን አታስተኙ። አንሶላው አይጨማደድ፤ ሽንት ያረጠበው ልብስ አይቆይ። ተረከዙ ከፍራሹ እንዲነሣ ከባት ሥር የተጠቀለለ ጋቢ አስገቡ።

ያየሁትን ልናገር። አንዲት እናት ወገባቸው አጥንት እስኪታይ ቆስሎ ሞቱ። በአርባቸው ሁለት በሬ ታረደ። ልጆቹ ክፉ አልነበሩም፣ ይወዷቸው ነበር። ከዚያ ገንዘብ ላይ ጥቂቱ ጥሩ ስፖንጅ ፍራሽና ለአንድ አስታማሚ ደመወዝ ይሆን እንደነበር የነገራቸው ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው ሌላ ቤት እንዳይደገም ነው።

ምግብ እምቢ አሉ። በግድ እናጉርሳቸው?

መጀመሪያ የሚታከም ምክንያት እንዳለ አጣሩ፤ አፍ ውስጥ ቁስል፣ የሚያመው ጥርስ፣ ድርቀት፣ የመድኃኒት ጣዕም፣ ሐዘን። እነዚህ ከሌሉና ሰውነታቸው ለወራት ሲመነምን ከቆየ፣ እህል ውኃቸው እያለቀ ነው። ሞት የቀረበው ሰውነት ምግቡን አይጠቀምበትም፤ ረኃቡም እኛ እንደምናስበው አይሰማውም። ስላልበላ እየሞተ ይመስለናል፤ የማይበላው መሞቻው ስለቀረበ ነው።

ይህን ለሌሎች ስነግር ኖሬ ለራሴ እናት አልቻልሁበትም። «ለእኔ ስትይ» እያልሁ አጥሚት በማንኪያ አፏ ውስጥ ጨመርሁ። የዋጠችው መስሎኝ ሁለተኛ ጨመርሁ። ትን አላት። ከንፈሯ ጠቆረ፣ ዓይኗ ፈጠጠ፤ አስልታ አስልታ ተመለሰች። ከዚያ በሁለት ጣቷ የእጄን አንጓ ያዘችና ማንኪያውን ወደ እኔ አዞረችው። ከዚያን ቀን በኋላ ንጹሕ ጥጥ በውኃ እየነከርሁ ከንፈሯን አረጥብላት ነበር። ቡና መጠጣት ብትተውም ሽታውን ትወደው ስለነበር አልጋዋ አጠገብ እናፈላለን፤ ሲቆላ ዓይኗን ጨፍና ትስብ ነበር።

ከጠየቁ ስጡ። ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ቀና ብለው ተቀምጠው። ካልጠየቁ አታስገድዱ።

ሆስፒታል እናቆያቸው ወይስ ወደ ቤት እንውሰዳቸው?

የሚታከም ነገር ካለ ሆስፒታል። ምች፣ ወባ፣ ስብራት፣ የታፈነ ሽንት ዕድሜ አይጠየቅበትም፤ በከተማችን ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን አሉ። ሐኪሙን ግን ፊት ለፊት ጠይቁ፦ «ይህ ሕክምና ወደ ቀድሞ ጤናቸው ይመልሳቸዋል ወይስ ያቆያቸዋል ብቻ?» የሚመልሳቸው ካልሆነ ሽማግሌው የት መሆን እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው። የዘጌም ይሁን የደሴት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጀልባውን አስቦ ይመልሳል፤ በሕይወት ሳለ ተሻግሮ የደብሩን ደወል እየሰማ ማረፍ ይሻላል ይላል።

«ወደ ቤት ውሰዷቸው» ማለት «ተዋቸው» ማለት እንዳይሆን አድርጉ። ከመውጣታችሁ በፊት የሕመም ማስታገሻ፣ የሆድ ማለስለሻና የቁስል መጠቅለያ አጽፉ። ብርቱ ሥቃይ ካለ ሞርፊን ሐኪሙ በሚያዘው መጠን ያስታግሣል፤ ለሚሞት ሰው ሱስ ይሆንበታል ብሎ መከልከል ግፍ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደብተሩ መታደሱን አስቀድማችሁ እዩ።

እንደሚሞቱ እንንገራቸው? ተስፋ ይቆርጡብናል ብለን ፈራን።

ከሁሉም ጥያቄ ይህኛው ላይ ብዙ ልቆይ። ያውቃሉ። ከእናንተ በፊት አውቀውታል።

አባቴን ለወራት «ትድናለህ፣ ለጥምቀት አብረን እንወጣለን» እንለው ነበር። ራሱን ይነቀንቅልናል። አንድ ማታ ጋቢውን ሳስተካክልለት በወጣትነቱ ዳጋ እስጢፋኖስን ሊሳለም መሄዱን ማውራት ጀመረ። በዚያ ገዳም የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል አፅም ይገኛል። «በዓይኔ አየኋቸው» አለኝ። «ጎንደርን የቆረቆረው ፋሲል ሳይቀር ተኝቷል። እኔ ማን ነኝ ብላችሁ ነው የምትደብቁኝ?» ምን መልስ ይሰጣል? «እንግዲያውስ ምን እናድርግልህ አባ?» አልሁት።

ነገሩ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሲጠብቀን ኖሯል። ንስሐ አባቱ ይምጡ። በድንበር ጉዳይ ለዓመታት ያኮረፈው ወንድሙ ይጠራ። ዘጌ ይቀበር፤ እናቴ እዚያ ብቻዋን እንዳትሆን እርሷም ስትሞት አጠገቡ ትሁን። ወንድሙ በማግሥቱ መጣ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም፣ ከዚያ ስለ ዝናብ አወሩ። ታረቁ ማለት ነው። እኛ እርሱን ከፍርሃት የጠበቅነው መስሎን የቀማነው እነዚያን ወራት ነው።

ስለዚህ «ልትሞት ነው» ብሎ መርዶ ማርዳት አያስፈልግም። በሩን እነርሱ ሲከፍቱት አትዝጉባቸው። እናታችሁ «አሟሟቴን አሳምረው» ብለው ሲጸልዩ «አታሟርቺ» አትበሏቸው። «እማ፣ ያማረ አሟሟት ለአንቺ እንዴት ያለ ነው?» በሏቸው። መልሳቸው ብዙ ጊዜ ያስደንቃል፤ የምሰማው ሥቃይን መፍራት፣ «ሸክም ሆንሁባችሁ» የሚል ኀፍረትና ሳይታረቁ መቅረት ነው። ሦስቱም መፍትሔ አላቸው።

ካህን የሚጠራው ጣር ሲመጣ አይደለም። መናዘዝ አንደበት ይፈልጋል፣ መቁረብም መዋጥ ይፈልጋል። «ካህን ካየ ይደነግጣል» የሚለው ፍርሃት የእኛ ነው። ቀንዲልም ለሕመምተኛ የሚደረግ ጸሎት እንጂ የሞት ፍርድ አይደለም። ሙስሊም ቤተሰቦችም ሸሃዳውን በእርጋታ የሚያስታውሳቸው ሰው አስቀድሞ አጠገባቸው እንዲሆን ያድርጉ።

የመጨረሻው ሰዓት ምን ይመስላል?

ብዙ ይተኛሉ፣ ለጥሪም ቶሎ አይመልሱም። ሽንታቸው ያንሳል፣ ይጠቁራል። እጅና እግራቸው ይቀዘቅዛል፤ ጉልበታቸው ላይ ቆዳው ይዥጎረጎራል። አተነፋፈሳቸው ይለወጣል፤ ፈጠን ብሎ ይመጣና ጭራሽ ይቆማል፣ አለቀ ሲባል እንደገና ይጀምራል። ጉሮሯቸው ላይ የሚሰማው ማንኮራፋት የሚመስል ድምፅ መዋጥ ያልቻሉት ፈሳሽ ነው። ለሚሰማው ሰው ይከብዳል፤ እርሳቸውን ግን ብዙውን ጊዜ አያስጨንቃቸውም። በጎን አስተኟቸውና ራሳቸውን ከፍ አድርጉ። ውኃ አትጨምሩ፤ ከንፈራቸውን ብቻ አርጥቡ። መስኮቱ ይከፈት፣ ሰው ይቀነስ።

ለቅሶውን ያዙት። መስማት ቶሎ የማይለይ ስሜት ነው ተብሎ ይታመናልና የሚሰሙት ድምፅ ስማቸውን የሚጠራ፣ ዳዊት የሚደግም፣ «ይቅር በለን፣ ይቅር ብለንሃል» የሚል ይሁን። አባቴ ያረፈው ልጆቹ ሁሉ ወጥተው አንድ የጎረቤት ልጅ አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ ነው። እንዲህ ይሆናል። አጠገባቸው ሳልኖር አረፉ ብላችሁ ራሳችሁን አትክሰሱ።

ኑዛዜ በቃል ቢናገሩ ይጸናል?

በጣም በጥቂቱ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክሮች ፊት የሚነገር ሆኖ የሚጸናው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ሕፃናት ልጆች አሳዳጊነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው፤ ተናዛዡ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ከኖሩም ይፈርሳል። ቤትና መሬት በቃል ተናዝዘው የሞቱ ሰዎች ልጆች ፍርድ ቤት ሲመላለሱ አይቻለሁ። መጻፍ የሚችሉ ከሆነ ሙሉውን በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጸው፣ ቀኑን አስገብተው ይፈርሙ፤ ይህ ዓይነቱ በሰባት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ መቀመጥ አለበት። መጻፍ የማይችሉ ከሆነ በአራት ምስክሮች ፊት ተጽፎ ይነበብላቸው፣ መነበቡም በጽሑፉ ላይ ይገለጽ፣ እዚያው ሁሉም ይፈርሙ። አንዱ ምስክር ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ልብ ሳይደክም መደረግ አለበት፤ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ ጣት ማስፈረም በኋላ የወንድማማች ጠብ ነው።

ካረፉ በኋላ ምን አይረሳ?

ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ የሞት ምስክር ወረቀት ሳይኖር ባንኩም ጡረታውም አይንቀሳቀስም። ጡረተኛ ከነበሩ የሟቹ ባል ወይም ሚስት የአበሉን 50 በመቶ ያገኛሉ። ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ በአቅማችሁ ይሁን። በብድር ተዝካር አታውጡ።

የምታስታምመው እኅቴ ደከመች። ምን እናግዛት?

ገንዘብ መላክ ጥሩ ነው፤ ሌሊቱን ማካፈል ይበልጣል። በሳምንት ሁለት ሌሊት ሌላ ሰው ይደር። አዲስ አበባ ያላችሁም ስትመጡ ምክር ይዛችሁ አትምጡ፤ አንሶላውን እጠቡ። እርሷ ከተቆጣች፣ አንዳንዴ «ምነው ባረፉልኝ» ካለች አትታዘቧት። እኔም ብያለሁ።

ጎረቤታችን ሽማግሌ ጧሪ ቀባሪ የላቸውም። ምን ማድረግ እንችላለን?

እድራችሁ ሰው ሲሞት የሚያወጣውን ያህል ሰው ሳይሞት ትንሽ እንዲያወጣ በስብሰባ ላይ አንሡ፤ እንዲህ ማድረግ የጀመሩ እድሮች በአገራችን አሉ። ስብሰባውን ግን አትጠብቁ። ጠዋት አንዱ፣ ማታ አንዱ ብቅ ይበል። በቀጥታ «ምን ልርዳዎት?» ቢባሉ «ተመስገን፣ ምንም አልጎደለኝ» ይላሉ። ስለዚህ ገብታችሁ ተቀመጡ፣ ውኃው ጀሪካን ሞልቶ እንደሆነ እዩ፣ እሳቱ መንደዱን እዩ። እግራቸውንም ለብ ባለ ውኃ እጠቡላቸውና ጥፍራቸውን ተመልከቱ። ጎንበስ ብለው መቁረጥ ካቃታቸው ቆይተዋል፤ ጥፍሩ ወፍሮ ሥጋቸውን እየወጋ ይሆናል። ውኃው ውስጥ ሩብ ሰዓት ይቆይ፣ ከለሰለሰ በኋላ ቀስ ብላችሁ ቁረጡላቸው።